ባለቅኔውና የዝሆን ጠመንጃው

ሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጠራ፣ በእንጨት ሥራው ዐይን የሚይዝ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ወደ ከተማዪቱ የዘለቀ እንግዳ ሳያየው አይመለስም። ቤቱን ያሠራው ግን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ባለቅኔው ከሞተ በኋላ ስለሆነ አርተር ራምቦ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረበትም። ስለዚህ ሰው በየቋንቋው የሚነገረው ብዙው ነገር ይህንኑ ቤት ይመስለኛል፤ ያምራል፤ እሱ ግን አልኖረበትም።

ራምቦ የኖረበትን ማየት የሚሻ ደብዳቤዎቹን ያንብብ። ከእነዚያ መካከል እኔን ሁልጊዜ የምታስቆመኝ በጃንዋሪ 22 ቀን 1882 ከኤደን የተጻፈች አጭር ደብዳቤ ናት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። ጸሐፊዋ ገና የ27 ዓመት ሰው ነው፤ ቅኔን እርግፍ አድርጎ ከተወ ግን ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ተቀባዩ የመጽሐፍ አሳታሚ ወይም የድሮ ወዳጅ አይደለም። ዴቪም የሚባል የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ ቤት ነው፤ ለትልልቅ አራዊት በሚሠራው የሚፈነዳ ጥይት ስሙ የወጣ ቤት።

ራምቦ በኦሮሞ አገር እንደሚዘዋወርና የዝሆን አዳኞች ጭፍራ ለማቋቋም እንዳሰበ ይነግረውና ጥያቄዎቹን ይደረድራል። ለዝሆን አደን ተለይቶ የተሠራ መሣሪያ አለን? አሠራሩ እንዴት ነው? ስለ ደግነቱስ ምን ይባላል? ከወዴት ይገኛል? ዋጋው ስንት ነው? ጥይቱስ ከምን ይሠራል፤ መርዝ የተቀባ ነው ወይስ የሚፈነዳ? በመጨረሻም የሚገዛው ለጊዜው ለሙከራ የሚሆኑ ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ተፈትነው ከተወደዱ ግን ግማሽ ደርዘን ሊያደርሰው እንደሚችል ይገልጻል።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህችን ደብዳቤ ሲያነቡ ያዝናሉ። ያን የመሰለ ቅኔ የፈሰሰበት ብዕር የጥይት ዋጋ ለመጠየቅ መዋሉ ያሳዝናቸዋል። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ሳዝን፣ አንዳንዴ ስደነቅ ቆይቻለሁ። ምክንያቱም ኪሱ ውሱን የሆነ ሰው ጥሩ የአደን ጠመንጃ ሊመርጥ ሲነሣ ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ በጥቂት መስመር ጠይቆ ጨርሷል። ሲጽፍ የነበረው ሰው ያው ነው፤ ትርፍ ቃል አይወድም።

ጥያቄዎቹ ከባዶ የመጡ አልነበሩም። የዚያን ዘመን ጠመንጃ የሚሠራው በጥቁር ባሩድና በእርሳስ አረር ነው። በጥቁር ባሩድ ደግሞ የአረሩ ፍጥነት ከተወሰነ ልክ አያልፍም፤ ስለዚህ የዝሆን ቆዳና አጥንት እንዲበሳ ከተፈለገ አረሩን ማክበድ ብቻ ነው መላው። ወታደር የሚይዘው የ11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ 25 ግራም ያህል የሚመዝን አረር ሲተፋ፣ ለዝሆን ተብሎ የተሠራው ትልቅ መሣሪያ ከ50 ግራም በላይ፣ የባሰበትም እስከ 100 ግራም የሚደርስ አረር ይወረውር ነበር። ይህን የሚሸከም አፈሙዝ ይወፍራል፤ የተኳሹንም ትከሻ እንዳያፈርስ መሣሪያው ራሱ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል። ራምቦ ከነጋዴው ባርዴ ጋር ሲዋዋል የተቆረጠለት ደመወዝ በወር 330 ፍራንክ ነበር፤ ከስመ ጥር ሠሪ እጅ የሚወጣ ባለ ሁለት አፈሙዝ የዝሆን ጠመንጃ የዚህን ዓይነት ሰው የወራት ደመወዝ ይበላል። «ለሙከራ ሁለት» ማለቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ስለ ጥይቱ አጥብቆ መጠየቁ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ብልኅነቱን ያሳያል፤ ኤደን ላይ ጥይቱ ያለቀበት ጠመንጃ ሐረር ላይ ከምርኩዝ አይሻልምና።

የዝሆን አዳኞቹ ጭፍራ ከሐሳብ አላለፈም። ራምቦ ቀጥሎ የካሜራ ነገር ያዘውና ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ እሱንም ተወው። ጥያቄዎቹ ግን ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ ጠያቂው እሱ መሆኑ ቀርቶ ተጠያቂ ሆነ።

በ1885 መጨረሻ ከባርዴ ተለይቶ፣ በሸዋ ከቆየ ፒየር ላባቱ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተሻረከ። ሥራቸው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ማቅረብ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1885 ከታጁራ ለቤተሰቡ ሲጽፍ ዕቃውን ምንም ሳይሸፋፍን ይገልጸዋል፤ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የተሻሩ አሮጌ የፒስተን ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ከሚቸረችሩ ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል፤ ለሸዋው ንጉሥ የሚሸጠው 40 ፍራንክ ገደማ ነው። በመካከል ያለው ወጪና የመንገዱ አደጋ ግን ከባድ ነው ይላል።

የፒስተን ጠመንጃ ማለት ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ፣ ከበስተኋላው ትንሽ የመዳብ ቆብ ተደርጎለት መዶሻው ሲመታው የሚለኮስ ነው። እጁ የፈጠነ ሰው በደቂቃ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይተኩስበታል። እኛ ዘንድ «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም የወጣለት የድሮ መሣሪያ ወገን ነው። ጥይቱ በቀለህ ተዘጋጅቶ ከኋላ የሚጎርሰው ሬሚንግተን እስከዚያው ድረስ አሥር ጊዜ ያጮኻል። ለዝሆን ጠመንጃ ዋጋውንም ደግነቱንም አጥርቶ የጠየቀው ሰው አሁን ይዞ የሚወጣው ራሱ ቢሆን ኖሮ የማይገዛውን ነበር። ይህን ያውቀዋል። ደብዳቤው ላይ የማፍረር ነገር አይታይም፤ ነጋዴ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ ተጽፏልና እኔ ባጭሩ ልለፈው። የተመዘገበው ጭነት 2,040 የፒስተን ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ፈረንሳይና እንግሊዝ የመሣሪያ ንግድ ሊያግዱ በመስማማታቸው ነጋዴዎቹ ታጁራ ላይ ዓመት ያህል ተጉላሉ። በዚህ መካከል ላባቱ ነቀርሳ ይዞት አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮ ሊጓዝ የታሰበው ፖል ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር 1886 ብቻውን ግመሎቹን አስነሥቶ፣ በአሳል ሐይቅ ጨውና በአፋር በረሃ አልፎ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን በአንኮበር አልነበሩም። ከአንድ ወር በፊት፣ በገና ሰሞን፣ ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ገዢው መናገር ያስፈልጋል፤ የራምቦን ታሪክ የሚጽፉ ፈረንጆች ገዢውን ሲገልጹ ወይ ተንኮለኛ ወይ ገራገር ያደርጉታልና።

ምኒልክ በ1887 ስለ ጠመንጃ የሚያውቁት ከሻጮቻቸው ያነሰ አልነበረም። አገሩ በዘመናዊ መሣሪያ የተፈተነው ከአሥር ዓመት በፊት ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲመቱ የማረኩት ሬሚንግተን በእያንዳንዱ መኳንንት ደጅ ይወራ ነበር። ስናድርም ታውቋል። የጠመንጃን ዓይነት በስሙ መለየት፣ የትኛው ይጨናነቃል፣ የትኛው ይሞቃል፣ የትኛውስ ጥይቱ ይገኝለታል ብሎ መከራከር የወታደሩ የምሽት ጨዋታ ነበር። ጥይቱ ራሱ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ እየተቆጠረ ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ስለ መሣሪያ የማያውቅ ንጉሥ አይነግሥም።

የጎደላቸው ጥሬ ገንዘብ ነው። የጠገራ ብሩ ከአውሮፓ ተመትቶ በባሕር የሚመጣ ስለሆነ አይበቃም። ንጉሡ የሚከፍሉት በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በዝባድ ነው። የጠረፍ ነጋዴዎች መንገድ ላይ የባሪያ ንግድም እንደነበረ መሸሸግ አይቻልም። የዝሆኑ ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ራምቦ ኤደን ላይ ሆኖ የተመኘውን ጥርስ በደቡብና በምዕራብ ያሉ አዳኞች ሲያመጡት፣ ጥርሱ ወደ ባሕር ወርዶ ጠመንጃ ይሆናል፤ ጠመንጃው ወጥቶ ሌላ አገር ያስገብራል፤ የገበረው አገር ደግሞ እንደገና ጥርስ ይሰጣል። ራምቦ ራሱ በኋላ ካይሮ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምኒልክ ገንዘብ ፈጽሞ እንደሌላቸውና ሐሳባቸው ሁሉ ወታደር ልከው ኦሮሞን ለማስገበር የሚያስችላቸውን ጠመንጃ መሰብሰብ እንደሆነ ጽፏል። ቃሉ መራራ ቢሆንም በዚህ ነጥብ የሚያስተባብለው ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያንኑ ጠመንጃ ለዚያው ሥራ ይዞ የመጣው እሱ መሆኑን ግን እዚያ ላይ አላነሣም።

ንጉሡ ከሐረር ድል ሲመለሱ እንጦጦ የገቡት ሐረር ላይ የተገኘውን የግብፅ መለከት እያስነፉ ነው ይላል ራምቦ። ከምርኮው ውስጥ ክሩፕ መድፎችም ነበሩበት። ለእሱ ክፉው ነገር መድፉ አልነበረም። ግብፆች ለቀው ሲወጡ ሐረር ላይ የተረፈው ሬሚንግተንና ጥይት በምኒልክ እጅ መግባቱ ነው። ገዢው ከእጁ የተሻለ ዕቃ በነጻ በገባ ማግሥት፣ ሻጩ አርባ ዓመት ያለፈበትን ዘርግቶ ቆመ። እንግዲህ ምን ዋጋ ይቆረጣል?

ድርድሩ የሆነው እንጦጦ ላይ ነው። ንጉሡ በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከለከሉት፤ ሁሉንም በጅምላ፣ በቆረጡት ዋጋ ካልሰጠ ዕቃውን በራሱ ወጪ ወደ ጠረፍ መልሶ ይውሰድ ተባለ። እምቢ ይል ዘንድ ግመል የለውም፤ ወደ ታጁራ የሚመለሰው ጭነትም ከራሱ ከዕቃው ዋጋ በላይ ይበላዋል። ሸጠ። ከዋጋው ላይ ደግሞ ሟቹ ላባቱ ነበረበት የተባለው ዕዳ ተቀነሰ። ባለዕዳ የሚል ሰው ሁሉ ከያለበት ተነሥቶ መጣበት፤ የላባቱ ባለቤትም ከሰሰችው። በዚህ ንዴት መካከል ራምቦ ከሟቹ ቤት ያገኘውን፣ ላባቱ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈበትን ሠላሳ አራት ደብተር፣ ሴትዮዋ እየረገመችው አቃጠለው። ስለ ነገሩ የነገረን ራሱ ነው። የራሱን ቅኔ ጥሎ የሄደ ሰው የሌላውን ደብተር ቢያቃጥል ይገርማል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔን ግን ያንገበግበኛል፤ በዚያን ዘመን ሸዋ ላይ ዓመታት የኖረ ሰው የጻፈው ሠላሳ አራት ደብተር ዛሬ ቢኖረን ኖሮ!

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምኒልክ ባለቅኔውን አታለሉት ተብሎ ነው። እኔ አይታየኝም። አስገድደው ገዝተዋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ንጉሥ ናቸውና አስገድደው መግዛት ይችላሉ። ዋጋው ግን የዕቃውን ልክ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ነው። 7 ፍራንክ የተገዛውን በ40 ፍራንክ ሊሸጥ የመጣ ሰው ከመካከል ላይ ቢቆረጥበት ማታለል የሚባል ከሆነ፣ መጀመሪያ ያሰበው ምን ሊባል ነው?

ደግሞስ ንጉሡ አሮጌውን ጠመንጃ ለምን ገዙት? መልሱ ያው ራምቦ አስቀድሞ ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ የጥይት ነገር። ሬሚንግተን የሚበልጥ መሣሪያ ነው፤ ቀለሁ ግን ከባሕር ማዶ ካልመጣ የለም። የፒስተኑ ጠመንጃ ድኩም ቢሆንም ባሩዱን የአገር ባለሙያ ከድኝ፣ ከሳልትፒተርና ከከሰል ይቀምምለታል፤ አረሩን አንጥረኛ ያቀልጥለታል፤ ከውጭ የሚሻው ያቺን ትንሽ ቆብ ብቻ ነው። ለጠረፍ ጠባቂ፣ ለምሽግ፣ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ ለኖረ እግረኛ ይበቃል። በራምቦ ቆጠራ የአውሮፓ ነጋዴዎች በአምስት ስድስት ዓመት ውስጥ ወደ ሸዋ ያስገቡት 10,000 ባለ ቀለህና 15,000 የፒስተን ጠመንጃ ነው። ይህ የግራ መጋባት ግዢ አይመስልም። ባለ ቀለሁ ለተመረጠው ወታደር፣ ፒስተኑ ለተረፈው ነው።

ኪሱ ያነሰ ገዢ የሚያገኘው ሌላ ዕድል ደግሞ ታላላቆቹ መንግሥታት ሲለዋወጡ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን የለቤል ጠመንጃ ስትቀበል፣ ከ1874 ጀምሮ ወታደሯ የያዘው ግራ የተባለው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ከመጋዘን መውጣት ጀመረ። አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ቢሆንም ጠንካራ፣ አሠራሩ ቀላል፣ የአገሩ ሠራዊት ገና ትናንት የተወው መሣሪያ ነው። «ፉዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ከአርባ ዓመት በፊት የተሻረና ትናንት የተሻረ፣ ሁለቱም አሮጌ ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ውጅግራ በፉከራው፣ በቀረርቶውና በሽማግሌ ጨዋታ ውስጥ እስከ ዛሬ ስሙ አልጠፋም፤ የፒስተኑ ግን ከስላቅ በቀር የተረፈለት የለም።

ሁሉም በገንዘብ የተገዛ አይደለም። ራምቦ ከሸዋ በወጣበት ዓመት፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1887፣ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በዮሐንስና በኢጣልያ ጠብ ገለልተኛ ለመሆን ሲስማሙ 5,000 ሬሚንግተን ቃል ተገብቶላቸዋል። ያ ዋጋ በብር የተከፈለ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ተከፍሎበታል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የዘመተው ሠራዊት ከተለያየ አገር የተለቃቀመ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ጥይቱም እንደ መሣሪያው ልዩ ልዩ ነው። የኢጣልያው ወታደርም ቢሆን በዚያ ቀን የያዘው ከአገሩ አዲስ ጠመንጃ ይልቅ አሮጌውን ቬተርሊ ነበር፤ እዚያም ቤት ቢሆን ስለ ጥይት ክምችት የሚያስብ አልጠፋም።

ወደ ሻጩ እንመለስ። ራምቦ ሜይ 1 ቀን 1887 ከፈረንሳዊው ተጓዥ ከጁል ቦረሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ ሐረር ወረደ፤ ዋጋው የሚከፈለው በሐረሩ ሹም በራስ መኰንን በኩል ስለሆነ ነው። ጥሬው ብር ስለማይበቃ ከፊሉ በሐዋላ ወረቀት ሆነ። በኦገስት ወር ሐዋላውን ሊመነዝር ምጽዋ ቢደርስ የይለፍ ወረቀት አልያዘምና ተያዘ፤ የፈረንሳዩ ቆንስል ነጋዴ ነኝ ባይ፣ ረጅም ቀጭን፣ ሁኔታው የማያምን ሰው መጥቶብኛል ብሎ ኤደን ላለው ባልደረባው ጻፈ። ስሙን አጥርቶ አያውቀውም። በዚያ ዘመን ፓሪስ ላይ ወጣቶች ግጥሙን በቃላቸው እያጠኑት ነበር።

በኖቬምበር 9 ቀን ለኤደኑ ቆንስል ስለ ንግዱ በጻፈው ረጅም አቤቱታ፣ ከካፒታሉ 60 በመቶ እንደከሰረ፣ ሃያ አንድ ወር እንደተንገላታ ይናገራል። ለቤተሰቡ ከካይሮ በኦገስት 23 የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ከተንከራተተ በኋላ ድሮ የነበረው 15,000 ፍራንክ እጁ ላይ መገኘቱን ይነግራቸዋል፤ ሳይከስርም ሳያተርፍም ማለት ነው። ባንክ አያምንም፤ ከ16,000 ፍራንክ በላይ የሚሆን ወርቅ በመቀነቱ ውስጥ ሰፍቶ ቀንና ሌሊት ይታጠቀዋል። ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ነው ይላል፤ አንድ ደህና የዝሆን ጠመንጃ የሚመዝነውን ያህል። ተቅማጥም አስያዘኝ ይላል።